ኤም እና ኢ

ነገሩ የጀመረው ከአንድ የጫማ ካርቶን ነው። አሮጌ መጻሕፍት የሚሰበስብ ጓደኛ አለኝ። ከእንግሊዝ አገር በጨረታ፣ በጅምላ የገዛቸው መጻሕፍት ሲደርሱት ይሄ ካርቶን ከሥር ተወሽቆ መጣለት። እሱ ከመጽሐፍ ሌላ ነገር ዓይኑ አይሞላም። ኮተት እንደምወድ ስለሚያውቅ ለኔ አሻገረው።

ውስጡ 23 የመልካም ምኞት ካርዶች ነበሩ። አብዛኞቹ የገና፣ ሦስቱ የልደት። ሁሉም በእጅ የተሳሉ ናቸው። በብዕር ተሰምረው፣ በውሃ ቀለም ተቀብተው፣ ከመዳፍ የማይበልጡ ሥዕሎች። በረዶ የተከመረበት አጥር ላይ የቆመች ደረተ ቀይ ወፍ። ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ በመስኮት ወደ ውጭ የምታይ ድመት። ረጅም ቀሚስ ለብሰው በሰልፍ የሚሄዱ ልጃገረዶች፣ የመጨረሻዋ ጫማዋ ወልቆባት ጎንበስ ብላለች። የሥዕል አዋቂ አይደለሁም፣ ግን ያቺን ጫማ የሳለ ሰው ልጆች ሲሄዱ ቁጭ ብሎ አይቷል። ያስታውቃል።

ስም ግን የለም። ከታች በቀኝ ጥግ፣ ከትንሽ ጣት ጥፍር በማይበልጥ ቦታ ላይ ሁለት ፊደላት ተጠላልፈዋል። በቃ። በውስጥ በኩልም የአብዛኞቹ ጽሑፍ «እንደ ሁልጊዜው» የምትል ብቻ ናት። የሚቀበለው ሰው ማን እንደላከው ያውቃላ፣ ለምን ስም ይጻፍ? ከመቶ ዓመት በኋላ እኔ የምባል ሰው እንደምመጣ ማን ነገራት።

«ነገራት» ስል ሴት መሆኗን በምን እንዳወቅሁ እንዳትጠይቁኝ። ከመጀመሪያው ቀን «እሷ» ማለት ጀመርኩ፣ በዚያው ቀረ። ይሄ የመጀመሪያው ግምቴ ነበር። ትልቁ ስህተቴ ግን እሱ አልነበረም።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ማንም የሚሠራው ነው። ታዋቂ ስም ፈለግሁ። ልጃገረዶቹን፣ ረጅም ቀሚሳቸውንና ኮፍያቸውን አይቼ «ኬት ግሪናዌይ!» አልኩ። ግሪናዌይ በ1846 ተወልዳ በ1901 የሞተች እንግሊዛዊት ሠዓሊ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፍ ሠርታ ሳትታወቅ በፊት ማርከስ ዋርድ ለሚባል አሳታሚ የገናና የቫለንታይን ካርድ ትስል ነበር። ካርድ ከሚሰበስቡ ሰዎች አንዱ ፎቶውን አሳይቼው «ልትሆን ትችላለች» ሲለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ላም አለኝ በሰማይ። ካርዶቹን የት ሙዚየም እንደምሰጣቸው ሁሉ አስቤ ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ስንት እንደሚያወጡም አስቤአለሁ።

ሕልሙን የገደለው ቴምብር ነው። ከካርዶቹ ጋር ሦስት ፖስታዎች ተርፈዋል። ሁለቱ ላይ ያለው ቡናማ የአንድ ፔኒ ተኩል ቴምብር የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ነው። እሱ የነገሠው ከ1910 እስከ 1936 ነው። ግሪናዌይ ደግሞ በ1901 አርፋለች። በዚያ ላይ እንግሊዝ ውስጥ ተራ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ ተኩል የሚሄደው ከ1918 እስከ 1920፣ ከዚያም ከ1922 እስከ 1940 ጸደይ ድረስ ነበር። እና ሳምንት ሙሉ ሳልም ስከርም መልሱ ፖስታው ላይ ተለጥፎ ነበር ማለት ነው፣ እኔ የካርዱን ሥዕል ሳይ።

ከዚያ በኋላ ልማዴን ቀየርኩ። ካርዱን አዙሬ ከጀርባ መጀመር። ፊቱ ያታልላል። ካርድ ሠዓሊ ከሌላ ካርድ ይቀዳል፣ ፋሽን ይከተላል፣ የሞተ ሰው አሳሳል ይመስላል። ለምሳሌ ያቺ ደረተ ቀይ ወፍ፣ ሮቢን የሚሏት፣ የእንግሊዝ የገና ካርድ ላይ በሺህ በሺህ አለች። በድሮ ጊዜ ፖስታ አመላላሾቹ ቀይ ኮት ስለሚለብሱ ሕዝቡ «ሮቢን» ይላቸው ነበርና ወፏ ካርድ ይዛ መጣች ይባላል። እሷን አይቶ ማን እንደሳላት ለማወቅ መሞከር ጊዜ መግደል ነው። ፎቶ አስገብቶ ተመሳሳይ ምስል መፈለጉንም ሞክሬዋለሁ። ኢንተርኔቱ አራት መቶ ወፍ አምጥቶ ዘረገፈልኝ።

ወረቀት ግን ብዙም አይዋሽም።

ማታ ማታ ካርዶቹን አንድ በአንድ መብራት ላይ እያነሳሁ አየሁ። ጥሩ የሥዕል ወረቀት ሲሠራ የፋብሪካው ስም በወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። ለብርሃን ስታነሱት ብቻ ነው የሚታየው። አንዱ ካርድ ላይ ጫፉ የተቆረጠ ፊደል አየሁ። ሌላው ላይ ደግሞ የሌላ ቃል ግማሽ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳደርጋቸው ምንም አልሆነም። አንዱን ገለበጥኩት። ገጠሙ። «ዋትማን» የሚለው ስም ሙሉ ሆነ፣ የተቆረጠው ጠርዝም ጥርስ እንደ ጥርስ ተናከሰ። ዋትማን ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሠዓሊዎች የሚመርጡት የእንግሊዝ ወረቀት ነው። ትልቅ ወረቀት ገዝታ በቢላ እየቆረጠች ነበር የምትሠራው ማለት ነው። ያውም ሁለቱ ካርዶች የተለያየ ዓመት ናቸው። ከወረቀቱ የተረፈውን ለሚቀጥለው ገና አስቀምጣዋለች። ስለሷ የመጀመሪያዋ እርግጠኛ እውቀቴ ይቺ ናት። ጥሩ ወረቀት ትወዳለች፣ አታባክንም።

የአልትራቫዮሌት መብራትም ተውሼ ነበር። ከ1950 አካባቢ ወዲህ ወረቀት ነጭ እንዲመስል የሚጨመር ኬሚካል አለ። በዚያ መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። ከ23ቱ አንዱም አላበራም። ጥሩ። ቀጥሎ ማጉያ መነጽር። የታተመ ሥዕል በማጉያ ሲታይ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ወይም የድንጋይ ሕትመት ከሆነ እንደ አሸዋ ይሻክራል። የኔዎቹ ነጠብጣብ የላቸውም። የብዕሩ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ገብቷል፣ የውሃው ቀለም ላዩ ላይ ተኝቶ ጠርዙ ላይ ጠቆር ብሏል። እጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አይቼ ነበር። ልብ ብዬ አየሁትና አለፍኩት። በብዕር ጥላ ለመሥራት የሚሰመሩት ደቃቅ መስመሮች ሁሉ ከላይ ከቀኝ ወደ ታች ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው እንዲህ ያሰምራል። ሌኦናርዶ ዳ ቪንቺ ግራኝ መሆኑ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ ጥላ የሚያሰምረው በተቃራኒው መሆኑ ነው። የሰማዩ ቀለም ግን ብሩሹ ሲነሳ የተጠራቀመው በግራ ጫፍ በኩል ነው፣ ብሩሹ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ እንደሚሆነው። የግራኝ ነገር ይመስላል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ «በሁለቱም እጇ ትሠራለች፣ ጎበዝ!» ብዬ ጻፍኩ። ቃለ አጋኖዋ እስካሁን አለች። ባየኋት ቁጥር አፍራለሁ።

ፊደሎቹም ቢሆኑ ብዙ አልፍተውኛል። አንዷ ኢ መሆኗ ግልጽ ነው። ሌላዋ ኤም ትሁን ደብልዩ አትለይም፣ ገልብጠህ ብታየውም ያው ነው። አንዳንዱ ካርድ ላይ ደግሞ ፊደሎቹ በቅርንጫፍ ላይ ተጋድመዋል። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ዝርዝር ሠራሁ። የራሷ ስም በኤም፣ የአባቷ በኢ። የራሷ በደብልዩ፣ የአባቷ በኢ። የራሷ በኢ፣ የአባቷ በኤም። በሠዓሊዎች መዝገብ፣ በኤግዚቢሽን ዝርዝር፣ በካርድ አሳታሚዎች ታሪክ ውስጥ ገባሁ።

የካርድ አሳታሚዎች ታሪክ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ወይም ግማሹ የገባኝ።

ለገበያ የወጣ የመጀመሪያው የገና ካርድ ተብሎ የሚጠራው የ1843ቱ ነው። ያሠራው ሄንሪ ኮል ነው፣ በኋላ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለውን የለንደን ሙዚየም የመራ ሰው። ወዳጆቹ ሁሉ ደብዳቤ ጽፈውለት ለያንዳንዱ መልስ መጻፍ ቢሰለቸው ሥዕል ያለበት ካርድ አሳተመ። የሳለው ጆን ካልኮት ሆርስሊ ነው። ወደ አንድ ሺህ ገደማ ታትሞ አንዱ በ1 ሽልንግ ተሸጠ። ቤተሰብ ጽዋ ሲያነሳ የሚያሳይ ነበርና፣ ሕፃኗም ወይን ስለምትቀምስ የመጠጥ ተቃዋሚዎች ጮኹበት። ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ያወራል። ሆርስሊ ሠዓሊው፣ ሆርስሊ የሥዕል አካዳሚው አባል። ግን ሕትመቱ ጥቁር መስመር ብቻ ነበር። አንድ ሺህ ገደማ ካርድ በእጅ፣ በብሩሽ፣ አንድ በአንድ ቀለም የቀባው ሌላ ሰው ነው። ቀቢነት ሙያ ነበር። ከዚያ ሰው የቀረልን «ሜሰን» የምትል አንዲት ቃል ናት። እሱም ዕድለኛ ነው። ከሱ በኋላ ክፍል ውስጥ ተደርድረው አንዷ ቀዩን፣ አንዷ አረንጓዴውን እየቀባች ለቀጣይዋ እያስተላለፈች ሲሠሩ የነበሩ ቀቢዎች አንዲት ፊደል እንኳን አልተረፈቻቸውም።

ቢያትሪክስ ፖተርን ደግሞ ተመልከቱ። በ1890 ጥንቸሏን ሞዴል አድርጋ የሳለቻቸውን የካርድ ሥዕሎች ሂልደስሃይመር ኤንድ ፎክነር ለሚባል አሳታሚ በ6 ፓውንድ ሸጠች። ካርዶቹ ላይ ያለው ኤች፣ ቢ፣ ፒ የሚሉ ሦስት ፊደላት ብቻ ነው። በ1902 የጥንቸሉ ፒተር ታሪክ ባይታተምላት ኖሮ ዛሬ ያቺ ኤች. ቢ. ፒ. ማን እንደሆነች ማን ይፈልግ ነበር? እንደኔ ያለ ሥራ ፈት ካልሆነ። ሰው «ተረሳች» ሲባል የሆነ ዘመን ላይ ታውቃ ኋላ የጠፋች ይመስለኝ ነበር። ብዙዎቹ ግን መጀመሪያም እንዲታወቁ አልታሰበም። ሥዕሉን በአንድ ክፍያ ይሸጣሉ፣ ካርዱ ላይ የሚወጣው የአሳታሚው ስም ነው።

አሳታሚው መዝገብ ይይዛል፣ ማን ምን እንደሳለ እዚያ ይገኛል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ትልቁ የካርድ ቤት ራፋኤል ተክ ነው፣ በ1866 የተቋቋመ። የለንደኑ ዋና ቤቱ በ29 ዲሴምበር 1940 ሌሊት በጀርመን የአየር ድብደባ ተቃጠለ። የ74 ዓመት መዝገብና ሥዕል አመድ ሆነ። በቃ፣ በዚያ በኩል ያለው በር ተዘጋ።

እኔ ግን እስካሁንም የምፈልገው አንዲት ሴት ነበር። የሜሰንን ታሪክ አንብቤ፣ አዝኜ፣ ለሰው አውርቼ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ካርዶች ግን በዚያ ዓይን አላየኋቸውም። እንዲህ ነው የሰው ነገር።

ከካርዶቹ አንዱ፣ በእጅ 1931 ተብሎ የተጻፈበት፣ ከውስጥ የቤት ስምና የመንደር ስም አለው። በእንግሊዝ ገጠር ቤት ቁጥር ሳይሆን ስም ይኖረዋል፣ ሰው የገና ካርድ ላይ አድራሻውን ማስቀመጥ ይወዳል። ይሄ ወርቅ ነው አልኩ። ቤቱን ካገኘሁ ሰዎቹን አገኘሁ። ግን የ1931 የሕዝብ ቆጠራ የለም። መዝገቡ በ1942 ዲሴምበር ከነማከማቻው ተቃጥሏል። የ1941ዱ በጦርነቱ ምክንያት ጭራሽ አልተካሄደም። ስለዚህ በ1921ና በ1951 መካከል ላሉ ሰዎች የሚቀረው አንድ ነገር ነው። ጦርነቱ እንደተጀመረ፣ በ29 ሴፕቴምበር 1939፣ ለመታወቂያ ብለው አገር ምድሩን የመዘገቡበት መዝገብ። ስም፣ የልደት ቀን፣ ያገባ ያላገባ፣ ሥራ። ዝምድና አይጻፍም። የተወለደ መቶ ዓመት ያልሞላውና መሞቱ ያልተረጋገጠ ሰው ስም ላይ ጥቁር ተቀብቷል።

ከፍዬ ገባሁ። ቤቱን አገኘሁት። ሁለት ሴቶች ይኖሩበታል። የአባት ስማቸው በኢም፣ በኤምም፣ በደብልዩም አይጀምርም። እና ምን አደረግሁ? «ቤቱን ለቃ ሄዳለች» ብዬ ገጹን ዘጋሁት።

ስምንት ወር አለፈ። ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ።

ሦስተኛው ፖስታ ሌላ ዘመን ነው። ቴምብሩ የጆርጅ ስድስተኛ ነው፣ ሁለት ፔኒ ተኩል። ደብዳቤ በዚህ ዋጋ መሄድ የጀመረው ከሜይ 1940 ነው። የቴምብሩ ሰማያዊ ደማቅ ነው። ከ1941 ጀምሮ ቀለም ለመቆጠብ ብለው ፈዛዛ አድርገውታል። ስለዚህ አሮጌ ቴምብር ካልተጠቀሙ በቀር የ1940 ገና ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ያ ካርድ ከሌሎቹ ወፈር ይላል። ሁለት ወረቀት ተለጥፎ የተሠራ ነው። እንግሊዝ ያኔ ወረቀት በቁጥጥር ሥር ነበር፣ ጥሩ ካርቶን ከየት ይምጣ። በስስ ወረቀት ላይ ስላ ሌላ አሮጌ ወረቀት ከጀርባ ደገፍ አደረገችበት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እንዲሁ ሲደብረኝ፣ ያን ካርድ አንስቼ ለብርሃን ያዝኩት። ውስጡ መስመር አለ። በፊቱ ካለው ሥዕል ጋር የማይገጥም መስመር። ልቤ ቀጥ አለ።

እንደዚህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ እንዳትፈለቅቁት። በጣም ያምራል፣ ግን አትንኩት። እኔ ሰው አማክሬ ነው፣ አንዱ ጠርዝ ሙጫው ደርቆ በራሱ ተለቆ ነበር። በዚያ በኩል ቀስ አድርገን ስንከፍተው ግማሹ ድረስ ያለ ምንም ትግል ተከፈተ። የቀረውን ተውነው። ግማሹ በቂ ነበር።

ውስጡ ያለው የሌላ ካርድ ንድፍ ነው፣ በእርሳስና በብዕር። ያቺ ወፍ፣ ያ አጥር። ቀለም አልነካውም። በየቦታው ግን በእርሳስ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ወፏ ደረት ላይ «እንዳምናው» ይላል። አጥሩ ላይ «በረዶ፣ ወረቀቱ ይተው»። የውሃ ቀለም የሚሠራ ሰው ይሄን ያውቃል። በረዶ አይቀባም፣ ወረቀቱ ራሱ በረዶ ይሆናል። ይሄን ሳይ ለራሷ የጻፈችው ማስታወሻ ነው አልኩ። ከላይ ግን፣ ባዶው ሰማይ ላይ፣ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል አለ። «ሰማዩ ያንተ» ማለት ነው። ወይም «ሰማዩ ያንቺ»። እንግሊዝኛው አይለይም።

ለራሱ «ያንተ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም።

ደብተሬን አወጣሁ። «በሁለቱም እጇ ትሠራለች፣ ጎበዝ!» የምትለዋን ገጽ ገልጬ ለትንሽ ጊዜ አየኋት። ከዚያ ወደ ንድፉ ቀኝ ጥግ ዓይኔን አወረድኩ። ፊርማ አለ። ግን ግማሽ ነው። ኤም ብቻ። ምንም አልተጠላለፈባትም፣ ብቻዋን፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። ያ ሁሉ «ኤም ነው ደብልዩ» ጭቅጭቅ በአንዴ አለቀ። ኢ የለችም። ቀለሙ ገና አልተቀባማ።

23ቱን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ማጉያውን አንስቼ ሥዕሉን ትቼ ፊርማውን ብቻ አየሁ፣ አንድ በአንድ። ኤሟ የብዕር ናት። ጠርዟ ስል ነው፣ የብዕሩ ጫፍ ሲጫን ወረቀቱን ጫር ያደረገበት ሁሉ ይታያል። ኢዋ ወፈር ትላለች፣ ጫፏ ላይ ቀለም ተጠራቅሟል። የብሩሽ ናት። እዚያው ካርድ ላይ ያለ ቀለም ነው፣ አንዳንዴ የሰማዩ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ የወፏ ቀይ ጠቆር ብሎ። በ23ቱም። ካርቶኑን በከፈትኩ ቁጥር ያየሁት ነገር ነው። ሁለት ቀለም መሆኑን እንኳን አይቼ «ለውበት ነው» ብዬ አልፌዋለሁ።

አንዷ ትስላለች። አንዷ ትቀባለች። አንዷ በቀኟ፣ አንዷ በግራዋ። ሥዕሉ ሲያልቅ ግማሽ ፊርማ በብዕር፣ ግማሽ ፊርማ በብሩሽ። ሜሰን ያላገኘውን ነገር ይቺ ቀቢ አግኝታለች፣ ቢያንስ አንዲት ፊደል።

ወደ 1939ኙ መዝገብ ተመለስኩ። ያው ገጽ፣ ያው ቤት። የአባት ስማቸው አንድ ነው። የአንደኛዋ የራሷ ስም በኤም ይጀምራል፣ የሁለተኛዋ በኢ። ሁለቱም ያላገቡ። ልደታቸው በሦስት ዓመት ይራራቃል። በ1921 ቆጠራ ላይ ፈልጌ አገኘኋቸው፣ እሱ ዝምድና ይጽፋል። በአባታቸው ቤት ሁለቱም «ሴት ልጅ» ተብለው ተመዝግበዋል። እህትማማች ናቸው። በ1939ኙ ገጽ ላይ በሥራ ዓምዱ ከሁለቱም ስም ፊት ለፊት የተጻፈው ያ ዘመን ለሴቱ ሁሉ እንደ ማኅተም ይመታው የነበረው ሐረግ ነው፣ «ያለ ክፍያ የቤት ውስጥ ሥራ»። መዝጋቢው በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ እነሱ ሌላ መልስ ሰጥተው ይሆን? ወረቀቱ ያለው ይሄን ነው።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ከዘመዶቻቸው በሕይወት ያለ ሰው እየፈለግሁ ነው፣ ከኔ በፊት ማወቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። ካርዶቹንም ፎቶ አንስቼ አልለጠፍኩም፣ የሥዕሉ መብት የማን እንደሆነ እስክረዳ ድረስ።

ትናንት ያ መጽሐፍ ሰብሳቢ ጓደኛዬ ደወለ። ካርቶኑን ከሰጠኝ ጀምሮ በየሁለት ወሩ «አገኘሃት?» ማለት ልማዱ ነው። አገኘሁ አልኩት። ደነገጠ።

«ማን ናት ታዲያ?»

«ናቸው» አልኩት።

«እሺ ይሁን፣ ማን ናቸው እሳቸው?» አለኝ፣ ለትልቅ ሰው ክብር የሰጠሁ መስሎት።